ስለ ደን አያያዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከሀዋሳ

ደን መማሬን የሰማ ሰው ሁሉ ቡና ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት ሳይጠይቀኝ የማያልፋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ አስቸጋሪው እሄዳለሁ።

ስንት ዛፍ ሲሆን ነው ደን የሚባለው?

የሚታየው የዛፉ ብዛት ሳይሆን ስፋት፣ ቁመትና ጥላ ነው። ኢትዮጵያ አሁን በምትጠቀምበት ትርጉም ቦታው ከግማሽ ሄክታር ማነስ የለበትም። ዛፎቹ ቢያንስ 2 ሜትር መርዘም አለባቸው። ጥላቸው ደግሞ ከመሬቱ 20 በመቶውን መሸፈን አለበት። ቀርከሃም ይቆጠራል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መለኪያ ግን ለየት ይላል፤ ቁመቱን 5 ሜትር፣ ጥላውን 10 በመቶ ያደርገዋል።

ይህን የምለው ለፈተና እንድትሸመድዱት አይደለም። የአገራችን የደን ሽፋን አንዴ 3 በመቶ፣ አንዴ 15 በመቶ ሲባል ሰምታችሁ ግራ ተጋብታችሁ ይሆናል። 15.5 በመቶ የሚለው ቁጥር በአዲሱ ትርጉም የተሰላ ነው። ጥቅጥቅ ያለ የቆላ ጫካም ገብቶበታል። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ደናችን አምስት እጥፍ አደገ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ መጀመሪያ በየትኛው መስፈሪያ እንደሰፈረ ጠይቁት።

ሐይቃችን ዳር ያለው አሞራ ገደልስ? ትልልቅ ዛፍ አለው፣ ጉሬዛም አለው። ግን መናፈሻ ነው።

የደን አያያዝ ማለት ችግኝ መትከል አይደል እንዴ?

መትከል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። አያያዙ 30 ዓመት ሊወስድ ይችላል። መጀመሪያ ይህ ደን ለምን እንደሚፈለግ ይወሰናል፤ ለአጣና ነው፣ ለጣውላ ነው፣ ምንጭ እንዳይደርቅ ነው? ከዚያ ያለው ይቆጠራል። በዓመት ምን ያህል እንደሚያድግ ይታወቃል። መቼ ምን እንደሚቆረጥ፣ በቦታው ምን እንደሚተካ፣ ማን እንደሚጠብቅና ማን እንደሚጠቀም ይጻፋል። የተጻፈው ደግሞ ይከበራል። ከባዱ ይሄ የመጨረሻው ነው።

ዓላማው ሳይለይ የሚተከል ደን ችግሩ በኋላ ይመጣል። ለአጣና የሚሆን ባህር ዛፍና ለውሃ የሚጠበቅ የዝግባ ጫካ አንድ ዓይነት እንክብካቤ አይፈልጉም። እዚሁ አጠገባችን ያለው የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ይህን ነገር ያስተምራል። ዛሬም ከተማ ውስጥ «አራት ዓመት ሙሉ ዛፍ መትከል ተማርሽ?» የሚለኝ አይጠፋም።

ዛፍ እየቆረጡ ደን መጠበቅ እንዴት ይሆናል?

እንደ ደኑ ዓይነት ነው። ተፈጥሮ ያበቀለችውና ለምንጭና ለአራዊት የተተወ ደን ከሆነ መጥረቢያውን ማራቅ ይሻላል። ሰው በመስመር የተከለው ደን ግን ካልተቆረጠ ይታመማል።

የፈረንጅ ጥድን እንውሰድ። በሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ከተተከለ በአንድ ሄክታር 1,600 ችግኝ ይገባል። ሰው ያን ያህል ችግኝ የሚያስገባው ሁሉም ትልቅ ዛፍ ይሆናል ብሎ አይደለም። ልጅነታቸው ላይ ተጠጋግተው እንዲያድጉ፣ ቀጥ እንዲሉ፣ አረሙን በጥላቸው እንዲያፍኑ ነው። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ይሳሳሉ። ቀጫጫው፣ የተጣመመው፣ አናቱ ለሁለት የተሰነጠቀው ይወጣል። ከ25 እስከ 30 ዓመት ቆይቶ ለጣውላ የሚደርሰው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ጎመን መደብ ላይ ያልሳሳ ጎመን ምን እንደሚመስል የምታውቁ ይሄ አይከብዳችሁም።

አጎቴ ጋሼ ግን «የተከልሁትን አላስነካም» ብለው 15 ዓመት ያህል ያልሳሳ ጥድ አላቸው። ውስጡ ስትገቡ ቀን ላይ ይጨልማል። ግንዱ ሁሉ ክንድ ያህላል፣ ከታች ሣር የለም፣ ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ባዶውን ይታጠባል። ጣውላ ነጋዴ መጥቶ አይቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

«ዘላቂ አጠቃቀም» የሚሉት ነገር በግልጽ ምን ማለት ነው?

ከሚያድገው በላይ አትቁረጥ ማለት ነው። በቃ። ሐሳቡ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1713 በጀርመን ሳክሶኒ ነበር። ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትዝ የሚባል የማዕድን ሹም፣ ብር ማቅለጫው እንጨቱን ሁሉ ሲበላው አይቶ ነው የጻፈው። የደን ዘላቂነት አባት ዛፍ ወዳድ ሳይሆን እንጨት ያለቀበት የማዕድን ሰው መሆኑ ሁሌ ያስቀኛል።

ሲዳማ ውስጥ ላደገ ሰው ግን ጀርመን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የእናታችሁን የእንሰት ጓሮ አስቡት። ትንንሹ በአንድ ወገን፣ መካከለኛው በሌላ፣ የደረሰው ለብቻ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ቤተሰቡ ግን በየዓመቱ ቆጮ ይበላል። እንዴት? የደረሰው ሲነሳ ሌላው ወደ እሱ ቦታ ያድጋል፣ አዲስ ችግኝ ከታች ይገባል። የደን ባለሙያ ይህንኑ በሄክታር ነው የሚሠራው። አጣና በ5 ዓመት የሚደርስለት ሰው 5 ሄክታር ቢኖረው በየዓመቱ አንድ ሄክታር ቆርጦ አንድ ሄክታር ይተካል። መሬቱ ጥማድ የማይሞላም ቢሆን ስሌቱ አይለወጥም። ሁሉንም በአንድ ዓመት ለሠርግ የቆረጠ ሰው የሚቀጥሉትን አራት ዓመታት ጉቶ ይቆጥራል።

ዛፌ ማደጉን በምን ለክቼ አውቃለሁ?

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃችኋል። ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ደረት አካባቢ ማለት ነው፣ ግንዱን ዙሪያውን ለኩ። ያገኛችሁትን ለ3.14 አካፍሉ። 63 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ዛፍ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ከላይኛው ወገን ቆማችሁ ለኩ። ለምን ደረት ላይ? ታች ሥሩ ጋ ግንዱ ስለሚያብጥ ያታልላል፤ ደግሞም ጎንበስ ብሎ መቶ ዛፍ መለካት ወገብ ይሰብራል።

ይህ 20 ሳንቲ ሜትር ዛፍ 15 ሜትር ቢረዝም፣ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ እንጨቱ ሩብ ሜትር ኩብ አይሞላም። ደላላ መጥቶ ቆሞ በዓይኑ ሲገምትላችሁ ይህን ቁጥር ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ጠብቁት። በየዓመቱ ያንኑ ዛፍ በቀለም ምልክት አድርጋችሁ ብትለኩ ደግሞ ዕድገቱን ታውቃላችሁ። የውፍረት ጭማሪው እየቀነሰ ከመጣ ወይ ማሳሳት፣ ወይ መቁረጥ ደርሷል።

የምንተክለው ችግኝ ለምንድን ነው የማይጸድቀው?

አንድ ሐምሌ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ተዳፋት ላይ ልንተክል ሄድን። ቲሸርት ታደለ፣ ፎቶ ተነሣን፣ በአንድ ሰዓት ጨረስን። ጥር ላይ ብቻዬን ተመልሼ እኛ ከተከልነው መስመር አንዱን ቆጠርኩ። ከ40 ጉድጓድ ሕይወት ያለው 11 ነበር። አንዱን የደረቀ ስስበው እንደ ካሮት ተነቅሎ ወጣ፤ ከነጥቁር ፕላስቲኩ። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ተጠምዝዞ ሞቷል። የተከልኩት እኔ ልሁን ሌላ ሰው አላውቅም፤ አፍሬ መልሼ ቀበርኩት።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። ፕላስቲኩ አይቀደድም። ጉድጓዱ ቀድሞ አይቆፈርም። ችግኙ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ጥላ ለምዶ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ይተከላል። ከሁሉ በላይ ግን ከተከላ በኋላ ማንም አይመለስም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዙሪያውን መኮትኮት፣ አረም መንቀል፣ ፍየል መከልከል ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ነው። እኔ ከተከላው ቁጥር ይልቅ የሁለተኛው ዓመት ጥር ቆጠራ ቢነገረኝ እመርጣለሁ።

ባህር ዛፍ መሬት ያደርቃል የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ባህር ዛፍ በፍጥነት ያድጋል፣ በፍጥነት የሚያድግ ነገር ደግሞ ብዙ ይጠጣል። ምንጭ ዳር፣ ጉድጓድ ዳር፣ የጎረቤት በቆሎ ጠርዝ ላይ መትከል ጸብ መትከል ነው። ቅጠሉም ሲበሰብስ ሌላ ተክል እንዳይበቅል የሚያስቸግር ነገር አለው። በሌላ በኩል ግን ለሚያወጣው እያንዳንዱ ኪሎ እንጨት የሚጠቀመው ውሃ ከብዙ ዛፎች የባሰ አይደለም። ብዙ የሚጠጣው ብዙ ስለሚሠራ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ስለነበር ነው። ያን ጊዜ ባይመጣ ኖሮ የቀረውን ጥድና ወይራ ጨርሰነው ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛሬም ሀዋሳ ውስጥ የሚሠራ ፎቅ ዙሪያውን የታሰረው መወጣጫ ምንድን ነው? አጣና። የጭቃ ቤቱ ቋሚና ማገር ምንድን ነው? እሱው ነው። ይህን ሁሉ ባህር ዛፍ ባይሸከም ኖሮ ዋንዛው ይሸከመው ነበር።

አያያዙን ለሚጠይቁኝ፦ ስትቆርጡ ጉቶውን አጭር፣ ከስንዝር የማይበልጥ አድርጉት። ቁርጡ ውሃ እንዳያቁር ዘንበል ይበል። ካቆጠቆጠ በኋላ ከሚወጡት ብዙ ቀንበጦች ሁለት ሦስት ጠንካራ ብቻ ተዉ። ያለ አዲስ ችግኝ ደጋግሞ ይሰጣችኋል።

እዚህ አካባቢ ምን ልትከል?

ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ግራር፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሾላ እዚህ ቤታቸው ነው። ባህር ዛፍ ከሆነ ቀዩን፣ ነጩ ደጋ ይፈልጋል። ወደ ወንዶ ገነትና ወደ ደጋው ስትወጡ ዝግባና ጥቁር እንጨት ይመቻቸዋል። ቡና ያላችሁ ለጥላ ሳሳ፣ ብርብራና ዋንዛ አትጡ። ለድንበር ግራቪሊያ ብዙ ሰው ይወዳል፤ ቅርንጫፉን እየገረዙ ያነዱታል።

ለዋንዛ ልዩ ፍቅር አለኝ። ለቡና ጥላ ይሆናል፣ ቅጠሉ መሬት ያለማል፣ ንብ ይወደዋል፣ እንጨቱ ለበርና ለአልጋ ይሆናል። የሚከሰሰው በመዘግየቱ ብቻ ነው።

የተራቆተ ተራራ አጥሮ መተው ብቻ ይበቃል?

ከመሬቱ ሥር ጉቶ ካለ ብዙ ጊዜ ይበቃል ማለት ይቻላል። ሰዎች የተራቆተ ሲሉ የሞተ ይመስላቸዋል። የተቆረጠ ዛፍ ሥር ግን በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ ከብት ይበላዋል፣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከብቱን ማራቅ፣ ከቀንበጦቹ ጠንካራውን መርጦ ሌላውን መግረዝ ነው ሥራው።

ወላይታ ሁምቦ የሆነው ይሄ ነው። 2,728 ሄክታር ተራራ በሰባት ማኅበራት ተከፋፍሎ ተጠበቀ። አብዛኛው ቦታ ችግኝ ሳይሆን ጉቶ ነው የሸፈነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ዛፎች ከአየር ለሚይዙት ካርቦን ገንዘብ በሚከፈልበት የተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ተመዘገበ፤ ማኅበራቱም ከካርቦን ሽያጭ ገንዘብ አገኙ። ጉቶም ሥርም የሌለበት፣ አፈሩ ታጥቦ ድንጋይ የቀረበት ቦታ ግን በአጥር ብቻ አይመለስም። እዚያ እርከን ይቀድማል።

ደኑ ከሐይቃችን ጋር ምን አገናኘው?

የሀዋሳ ሐይቅ የሚገባለት እንጂ በገሃድ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ከምሥራቅ ኮረብታዎች የሰበሰበውን ይዞ ይገባል። ይዞት የመጣው ደለል እዚያው ይቀራል። ድሮ ጨለለቃ የሚባል ሐይቅ ነበረን፤ ደለል እየሞላ ረግረግ ሆኗል። የሐይቃችን ማጣሪያ እሱ ነበር።

ደን ዝናብን የሚያቆመው በግንዱ አይደለም። ዋናው ሥራ የረገፈው ቅጠል ነው። ጠብታው ቅጠሉ ላይ ወድቆ ኃይሉ ይሰበራል፣ ወደ አፈሩ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ለዚህ ነው ቅጠሉ የተጠረገበት የባህር ዛፍ ደን ዛፍ እያለውም አፈሩ የሚታጠበው። ማገዶ ለቃሚዎች ቅጠሉን ሁሉ ጠርገው ይወስዱታል። በወንዶ ገነት በኩል ደግሞ ጫት የያዘው መሬት እየሰፋ ነው። ጫት ገበያ አለው፣ ገበሬውን አልወቅስም። ግን የደን ወለል የሚሠራውን ሥራ አይሠራም።

እሳትን መከላከል እንዴት ነው?

ከጥር እስከ መጋቢት ተጠንቀቁ። በደኑ ዙሪያና መሀል ሣሩ የተጠረገ መስመር ይኑር። ማር ቆራጭ ጭሱን፣ ከሰል አክሳይ ምድጃውን ሳያጠፋ አይሂድ። በ1992 ዓ.ም. ባሌና ቦረና ላይ የተነሣው ቃጠሎ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ በልቷል፤ ያጠፋው ከሰው ይልቅ በኋላ የመጣው ዝናብ ነበር።

የራሴን ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ ለምን እጠየቃለሁ?

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ብሎ አራት ዓይነት ይዞታ ያውቃል። የተከላችሁት የእናንተ ነው። ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ኬላ ላይ የቆመ ሰው አይሱዙ የጫነውን እንጨት ከእናንተ ጓሮ ይምጣ ከመንግሥት ደን በዓይኑ መለየት አይችልም። ለዚህ ነው የቀበሌና የወረዳ ወረቀት የሚጠየቀው። ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ፤ ቆርጦ ወረቀት መፈለግ ዋጋ ያስጥላል።

ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ላይ ግን ነገሩ ጠበቅ ይላል። በተፈጥሮ ደን ውስጥ ለረጅም ጊዜ በሕግ ሲጠበቁ የኖሩ ናቸው። አንዳንድ ገበሬ ጓሮው በራሱ የበቀለችን ዋንዛ ገና በቀንበጥነቷ የሚነቅለው ለዚህ ነው። «አድጋ ልታስከስሰኝ?» ይላል። ሕጉ ዛፉን ሊጠብቅ ብሎ ችግኙን ሲያስነቅል ማየት ያናድዳል።

ሕዝቡ ደኑን ቢረከብ አይጨርሰውም?

የሚጨርሰው የእሱ ካልሆነ ነው። እኔ ዛሬ ካልቆረጥኩት ነገ ሌላው ይቆርጠዋል ብሎ ስለሚያስብ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጭሊሞ፣ በአዳባ ዶዶላና በቦንጋ የተሞከረው አሳታፊ የደን አስተዳደር መነሻው ይሄ ነው። ወሰኑ በእግር ተዞሮ ይከለላል። ማን ምን እንደሚያገኝ፣ ማር፣ ሣር፣ ደረቅ ማገዶ፣ ቡና፣ ይጻፋል። ጥፋተኛው የሚቀጣበት መተዳደሪያ ደንብ ይኖራል። የሚከሽፈው ደግሞ ጥበቃው ለሕዝቡ ተሰጥቶ ገቢው ሌላ ቦታ ሲቀር ነው።

ደንብ ማክበር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በፊቼ ጨምበላላ የሲዳማ የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ከሚመክሩት ውስጥ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚለው አለበት፤ ከሌብነትና ከሐሰት ምስክርነት ጋር አንድ ላይ። ወረዳው በማይክሮፎን ከሚለው ይልቅ ያ ቃል ይሰማል።

ከሰል ቢከለከል ደኑ አይተርፍም ነበር?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና አጠገብ ተቀምጦ ነው። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰል ምድጃ 100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ነው የሚሰጠው። ከሻሸመኔ ወደ ዝዋይ የሚወስደው መንገድ ዳር የምታዩት እያንዳንዱ ማዳበሪያ ከሰል ስንት ግራር እንደሆነ ከዚህ ገምቱ። ቢከለከልም አይቆምም፤ ማታ ይጓጓዛል፣ ዋጋው ይወጣል፣ አክሳዩም ተቻኩሎ እርጥቡን ያከስላል።

የሚሠራው ቀስ ያለው መንገድ ነው። ከሰሉ ከተተከለና ከሚያቆጠቁጥ ዛፍ ይምጣ። ምድጃው ይሻሻል። ከተማው መብራት ሳይቆራረጥ ያግኝ። ሰፈራችን ያሉ ከሰል ሻጭ እትዬን አንድ ቀን ከየት እንደሚያመጡት ጠየቅኳቸው። «ከግራር ነው የኔ ልጅ፣ የባህር ዛፉ ይበናል፣ ደንበኛ ይመልሰዋል» አሉኝ። እኔም የዚያን ቀን የግራሩን ነው የገዛሁት።